ሦስት ጊዜ የታረመችው ጳጉሜ

በ2017 ዓ.ም. ሰሊጥ ሲደርስ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። እህቴ ግን ሰባ ሦስት ነው ትላለች፤ ቀድማኝ የተወለደችው እሷ ስለሆነች «ስትወለድ አይቻለሁ» ብላ ሁልጊዜ ትረታኛለች። እንግዲህ እዩልኝ፤ ገና ከመጀመሪያዋ መስመር አንድ ስህተት ገባ። ልሰርዝ ብል የቱን እሰርዛለሁ?

አሁን ስለ ስህተት እንዲህ ላውራ እንጂ፣ እስከዚያ መከር ድረስ «ሰው የሚሳሳተው ስለማይጠነቀቅ ነው» ባይ ነበርሁ። ይህን ለሠራተኛ ስል፣ ለሾፌር ስል፣ አንድ ጊዜም ቅዳሴ ለተሳሳተ ዲያቆን ስል ኖሬአለሁ። ዲያቆኑ እስካሁን አያናግረኝም።

ሥራዬ ወኪልነት ነው። ወኪል በዚህ በሱዳን በገዳሪፍ አገር በባለ እርሻውና በሠራተኛው መሀል የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱም ወገን የሚቆጣው እሱን ነው። ከመተማ ቆላ ማጭድ ይዤ ድንበሩን የተሻገርሁት ጎልማሳ ሳለሁ ነበር። አጭጄ አጭጄ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ማጭዱን አስቀመጥሁና ዱላ ያዝሁ። ዱላው ሰው መምቻ አይደለም፤ ቆሞ መደገፊያና «እዚያ ጋ!» ብሎ መጠቆሚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማጭድ በእጄ አልነካሁም። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሰሊጥን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ሰሊጥ የጭንቀት እህል ነው። ማሽላ ይታገሣል፤ ብትዘገይበትም ቆሞ ይጠብቅሃል። ሰሊጥ ግን ቀን አለው። ቀድመህ ካጨድኸው ፍሬው ጮርቃ ይሆንና ይጨማደዳል። ከዘገየህ ደግሞ የታችኛው ፍሬ አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ዓመት የለፋህበትን መሬት ላይ ያፈሰዋል። መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ የጉንዳን ነው። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ የሰሊጥ ሰው ሲበላም ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሰላምታ ሲሰጥህም ጆሮው ነፋሱ ላይ ነው።

ያን ዓመት ደግሞ ሥራውን የማያውቅ ሰው በዛ። ከካርቱም ጦርነት የሸሸ አለ፣ ከስደተኛ ሰፈር ሥራ ፍለጋ የወጣ አለ፣ ማጭድ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ የሚጠይቅ አለ። ከጧት እስከ ማታ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ሰናይት መጽሐፍ የሚባለውን ነገር ያመጣችው ድምፄ በተዘጋ ሳምንት ነው፤ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር።

ሰናይት የእህቴ ልጅ ናት። ካርቱም ኮምፒውተር ስትማር ጦርነቱ አባሯት ገዳሪፍ እኛው ዘንድ ገባች። ተወልዳ ያደገችው ሱዳን ስለሆነ አማርኛዋ መሀል ዐረብኛ ጣል ታደርጋለች፤ እኔንም አጎቴ በማለት ፈንታ «ኻሎ» ነው የምትለኝ።

«ኻሎ፣ በየዓመቱ ያንኑ ነገር ከምትጮህ አንድ ጊዜ ንገረኝና ልጻፈው» አለችኝ። «ማንበብ ለሚችል ሰው ትንሽ መጽሐፍ እናዘጋጃለን። ለስልክ ደግሞ ፕሮግራም እሠራለሁ። የተዘራበትን ቀንና መጽሐፉ ላይ ያለውን የቀን ብዛት ስትሰጠው፣ የሚታጨድበትን ቀን ይነግርሃል። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ስህተት የማይኖርበት ከሆነ እሺ» አልኋት በሹክሹክታ።

«ስህተትማ ይኖራል።»

«እንዴት ይኖራል?»

«ስህተት ያልተገኘበት ፕሮግራም ገና ማንም ያልከፈተው ነው፣ ኻሎ። ትልልቆቹ እንኳ በየሳምንቱ ‹አድሱ፣ አድሱ› እያሉ ስልካችንን የሚያስጨንቁት ለምን ይመስልሃል?»

«ስለማይጠነቀቁ ነዋ!»

ሳቀችብኝ። ያ ሳቅ ነው ያበላሸኝ። እንዲህ ብላ ባትስቅ ኖሮ ነገሩን እንደ ማንኛውም ሥራ እይዘው ነበር፤ ከሳቀች በኋላ ግን የክብር ጉዳይ ሆነ።

ሳምንት ሙሉ ስነግራት ጻፈች። ሰሊጥ ከተዘራ በስንት ጊዜ ይታጨዳል ብላ ስትጠይቀኝ «እኛ የምንዘራው ዓይነት ሦስት ወር» አልኋት። እሷ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች ያኔ አላየሁም።

ከዚያ እርማቱ መጣ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ የማነበው በጣቴ ነው። ጣቴ ከደከመ ንባቡም ይቆማል። መጀመሪያ ሳነበው ዐሥራ ዘጠኝ ስህተት አገኘሁ፤ ደስ ብሎኝ እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሰናይት ዐሥራ ዘጠኙን አርማ መለሰችልኝ። ሁለተኛ ሳነበው ሰባት አዳዲስ ስህተት ተወልዷል። አንዱ ዐረፍተ ነገር ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ገጽ ላይ ሄዶ ተቀምጧል፤ መጽሐፉ «ነዶውን አስረህ ካቆምህ በኋላ አረሙን ንቀል» ይላል። ያንን ስታርም ደግሞ ስለ አረም የሚያወራው ገጽ እንዳለ ጠፋ። አንዱን ጫፍ ስትጎትተው ሌላው የሚጋለጥ አጭር ብርድ ልብስ ይመስል ነበር፤ እግሬን ስሸፍን ደረቴ በረደኝ።

ከሁሉ ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። አራተኛ ጊዜ ሳነብ አንድም ስህተት አላገኘሁም። «ይኸው ጠራ!» ብዬ ሰናይትን ጠራኋት። እሷ ግን ጣቴ ያረፈበትን ቦታ አየችና «ኻሎ፣ እዚህ ጋ አንድ ቃል ጎድሏል» አለችኝ። እውነትም ጎድሏል። እኔ ግን አንብቤዋለሁ! ያልተጻፈውን ቃል አንብቤ አልፌአለሁ። ለካ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይሁን እንጂ የሚያነበው ከራሱ ውስጥ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀነሰ።

«እንግዲያው የማያውቅ ሰው ያንብበው» አለች ሰናይት። የማያውቅ ሰው ደግሞ ነበረችን።

ለተብርሃን ትባላለች፤ ከትግራይ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽሬ ላይ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስትሸሽ ይዛ ያመለጠችው መቀስ ብቻ ነው፣ የስፌት መኪናዋ ቀርቷል። ዶካ ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ባለ እርሻ ክረምቱን ሙሉ ልታርምለት፣ በድካሟ ፈንታ ሁለት ፈዳን፣ ሄክታር የማይሞላ መሬት፣ ለራሷ እንድትዘራ ፈቀደላት። እኔው ነኝ የተዋዋልሁላት፤ ሐምሌ አሥር ቀን ሲዘራም እኔው ቆሜአለሁ። ሰሊጡ ከገባ የስፌት መኪና ገዝታ ከድንኳን ወጥታ ገዳሪፍ ገበያ ትቀመጣለች። ካልገባ ድንኳኑ ነው። ሥራውን አስተምሬያት ስላልጨረስሁ፣ የእሷ ሰሊጥ ከሌላው እርሻ ሁሉ የበለጠ ያስጨንቀኝ ነበር።

የደረቀ የማሽላ አገዳ አምጥቼ «ይህን ሰሊጥ ነው በይውና መጽሐፉ የሚልሽን አድርጊ፤ እኔ አልናገርም» አልኋት። ዱላዬን ተደግፌ ዝም አልሁ። ዝም ማለት እንዴት ይከብዳል!

ነዶውን ሰብስባ ጫፉ ላይ፣ እንደ እቅፍ አበባ፣ ጥሩ አድርጋ አሰረችው። ስታቆመው ከታች ተበተነና ወደቀ።

«ምነው አንች ልጅ፣ ጫፉ ላይ ይታሰራል?»

«የት ላይ እንደሚታሰር አይልም፣ አቦይ።» በእነሱ አገር አቦይ አባቴ ማለት ነው፤ እንዲህ ስትለኝ መቆጣት ያቅተኛል።

«ወገቡ ላይ ነዋ! ይህን ማን ያጣዋል?»

«እኔ ነኛ። ባላጣውማ መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል?»

ወገቡ ላይ አሰረች። ከዚያ ነዶዎቹን ሰብስባ፣ እኛ ሂላ የምንለውን ክምር ልታቆም ሄደች፤ ሄዳ ሄዳ የጎርፍ መውረጃ ላይ አቆመችው።

«አንች!»

«ጎርፍ መውረጃ ላይ አታቁም አይልም። ሜዳው ላይ ደልዳላ እሱ ብቻ ነው።»

እሷ የሜትር ሰው ናት። ስፌት ላይ በዓይን ገምቶ መቁረጥ የለም፤ ሜትሩ ያለው ይቆረጣል። መጽሐፉንም እንደ ሜትር ነበር የያዘችው። ሁሉ ሰው ያውቀዋል የምንለው ነገር እኮ አይነገርም፤ ያልተነገረ ደግሞ አይጻፍም። ታዲያ ስንት አለ እንዲህ ያለ? «ይህንንማ ንገረኝ ብዬ የምጠይቅህ አንተን ነው» አለች ሰናይት። እኔ ደግሞ የማውቀውን ማወቄን አላውቀውም! በመንገድ ስሄድ ሳይቀር ራሴን እጠይቃለሁ። ማጭድ በስለቱ በኩል አይያዝም ይባል ወይ? ውኃ ሲጠማህ ጠጣ ይባል ወይ?

ገበያ ውስጥ ያለ ፎቶኮፒ ቤት አርባ መጽሐፍ አባዛን። የቤቱ ሰው ሱዳናዊ ነው፣ አማርኛ ፊደል አያውቅም፤ ሰባተኛውን ገጽ በአርባዎቹም ላይ ዘቅዝቆ ሰፋው። ስጮህበት «ማለሽ ያ ዓም» አለኝ፣ ይቅርታ አጎቴ ማለቱ ነው፤ «ሰባተኛው ገጽ የሚያስፈልገው ሰው መጽሐፉን ገልበጥ ያድርገው።»

እንግዲህ በመስቀል ዋዜማ፣ መጽሐፉ ሊታደል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደጃፌ ተቀምጬ ለመጨረሻ ጊዜ በጣቴ ሳነብ፣ ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ከተዘራ በዘጠና ቀን ይታጨዳል» ይላል።

ዘጠና? እኔ ያልሁት ሦስት ወር ነው! ልጅቱ ሦስት ጊዜ ሠላሳ ብላ አባዝታ ዘጠና አደረገችው። ሐምሌና ጥቅምት መሀል ግን ጳጉሜ አለች። እኛ ሠራተኞች ጳጉሜን አንቆጥርም። በወር የተቀጠረ ሰው ጳጉሜን በነፃ ይሠራታል፤ «ጳጉሜ አትቆጠርም» እያልሁ በየዓመቱ የምጮኸው እኔው ነኝ። ሐምሌ አሥር የተዘራ፣ ነሐሴ አሥር አንድ ወር፣ መስከረም አሥር ሁለት ወር፣ ጥቅምት አሥር ሦስት ወር፤ ጳጉሜ አምስት ቀኗን ይዛ በጎን በኩል ታልፋለች። በቀን ከቆጠርኸው ግን ዘጠና አምስት ነው። ዘጠና ብሎ ያመነ ሰው በጥቅምት አምስት ጮርቃ ያጭዳል።

ለሰናይት ልንገራት? ሳቋን አስታወስሁ። እስክሪብቶ አወጣሁና በአርባዎቹም መጽሐፍ ላይ፣ ዘጠና ከሚለው ጎን «አምስት» ብዬ በእጄ ጨመርሁ። አርባ ጊዜ አምስት ጻፍሁ። ማንም አላየኝም። አቤት ደስ ሲል!

በማግሥቱ መስቀል ነው፤ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሕዝቡ ተሰብስቧል። መጽሐፉን ሳድል፣ ደሴ የሚባል ነገረኛ አጫጅ «አያ ወኪል፣ ስህተት ቢገኝበትስ?» አለኝ።

«አንድ ስህተት የተገኘበት ቀን» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይህን ዱላ ጥዬ ማጭድ ይዤ ከእናንተ ጋር አጎነብሳለሁ!»

ሕዝቡ እልል አለ። እልልታ ሲሰማ ሰው እንዴት ይሞኛል!

ጥቅምት ገባ፤ አጨዳው ተጀመረ። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ለተብርሃንን ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አየኋት። ደነገጥሁ።

«አንች ልጅ፣ አጨዳ የለም እንዴ?»

«ይቀረኛል፣ አቦይ። ስልኩ ጥቅምት ሃያ ነው ይላል። ስምንት ቀን አለኝ ብዬ ለመሳለም መጣሁ።»

ሃያ? ሐምሌ አሥር ሲዘራ ቆሜ አይቻለሁ። ሦስት ወሩ ከትናንት ወዲያ ሞልቷል። አፌን ልከፍት ስል ደሴ ከኋላዬ ብቅ አለ።

«አያ ወኪል፣ የእሷን ሰሊጥ በአጠገቡ ሳልፍ አየሁት። ቅጠሉን ጥሎ ጨርሷል። መጽሐፉ ነው ወይስ ሰሊጡ የተሳሳተው?»

እንግዲህ እዚህ ላይ የሠራሁትን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን መጻፍ አለበት። «ስልኩ ልክ ነው!» አልሁ። ዱላዬን መሬት መትቼ፣ በሚካኤል ደጅ ቆሜ፣ ስልኩ ልክ ነው አልሁ። ለተብርሃንም አመስግናኝ ዶካ የምትሄድ መኪና ተሳፈረች።

እሷ እንደሄደች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ነፋስ ተነሥቷል፤ የግቢው ዛፍ ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ሲንቀሳቀስ ሰሊጥ ሲረግፍ ይሰማኛል። በጣቴ ቆጠርሁ፣ ሲያልቅብኝ በዱላዬ መሬት ላይ እየጫርሁ ቆጠርሁ። በሁሉም ጥቅምት አሥር ይመጣል። ስልክ ብደውልላት አይገባም፤ እርሻው ላይ ኔትወርክ የሚያገኘው ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው። በሪክሻ እየበረርሁ ሰናይት ዘንድ ሄድሁ። ሪክሻው ሦስት ጎማ አለው፤ በሁለቱ የሄድን ይመስለኛል።

«ሰናይት፣ ያ ፕሮግራም ጳጉሜን ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም። መጀመሪያ ይቆጥር ነበር፤ እናቴ ‹እሱ ሦስት ወር ሲል ጳጉሜን አይቆጥርም› ስትለኝ እንዲዘላት አደረግሁት። በመስቀል ዋዜማ። ምነው?»

መጽሐፉን ከኪሴ አወጣሁ።

«ኻሎ፣ ምን አደረግህ?»

«በመጽሐፉ ላይ… ዘጠና የሚለውን… ዘጠና አምስት አድርጌዋለሁ።»

«በአርባውም?»

«በአርባውም።»

ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ አረምን እኮ! ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንችስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስህተት አለው ብልህ ትቆጣለህ ብዬ!»

«እኔም ስህተት አለው ብልሽ ትስቂያለሽ ብዬ!»

እህቴ ከጓዳ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። እንደ ዕድሜዬ ሁሉ ይህንንም ረታችን።

ወደ ዶካ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ከእግራችን ሥር የሽንኩርት ጆንያ አለ፣ ጉልበቴ አገጬን ነክቷል። ሰናይት እየተንገጫገጨች ስልኳ ላይ ፕሮግራሙን ታርማለች። በመጀመሪያ የራሷንም የእኔንም እርማት አንድ ላይ አነሣችና «ጥቅምት አምስት ይላል!» ብላ ጮኸች።

«አምስትማ አልፏል! አሁን ደግሞ ሳምንት ዘገየን እያለሽኝ ነው?»

«ሰብር፣ ሰብር» አለችኝ፤ ታገሥ ማለቷ ነው። እንደገና ነካካችውና ጥቅምት አሥር አለ። ተመስገን አልሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ቆይ እስቲ። የእኔ እርማት ብቻውን አሥር ያመጣል። ያንችን ሲጨምሩበት ዐሥራ አምስት ይሆናል። ለተብርሃን ግን ሃያ ነው ያለችኝ። ሌላውን አምስት ቀን ማን ጨመረው?»

ተያየን። መጽሐፉን የነካነው ሁለታችን ነን። ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው! ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ የሚያስጨንቀኝ ሦስት ሆነ፤ ነፋሱ፣ ሰሊጡና ያ የማናውቀው አራሚ።

በዚህ ላይ ኬላ ደረስን። ወታደሩ የሁሉንም ወረቀት አይቶ እኔ ጋ ሲደርስ ከኪሴ መጽሐፉን አወጣው። ገለጥ ገለጥ አድርጎ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ሰባተኛው ገጽ ላይ! ሰናይት የሣለችው የሰሊጥ ክምር ተዘቅዝቆ እንደ ቦምብ ከላይ ወደ ታች ይምዘገዘጋል። ጦርነት ባለበት አገር እንዲህ ያለ ሥዕል ኪስ ውስጥ መገኘት እንዴት እንደሚያምር ገምቱ።

«ደ ሹኑ?» አለኝ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ሰሊጥ ነው።»

«ሰሊጥ ከሰማይ ይወርዳል?»

መጽሐፉን ገለበጥሁለት። አየው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ፊቱ ድንገት ተቆጣ። «ክምሩን እዚህ ያህል ማጠጋጋት ትክክል አይደለም፣ አየር አያስገባም» አለኝ። ገበሬ ኖሯል! አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ ስህተት፣ መቁጠሩን ተውሁት። «እናርማለን፣ ጌታዬ» ብዬ መጽሐፌን ተቀበልሁ።

እርሻው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። ለተብርሃን ሮጣ መጣች። እኔ ሰላም ሳልላት ወደ ሰሊጡ ገባሁ። የታችኛው ፍሬ አፉን መክፈት ጀምሯል። በአንድ የጉንዳን ኩይሳ በኩል፣ ነፋሱ በሚመታው ወገን፣ አንድ ጥግ ረግፏል፤ መሬቱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ነጥቷል። የቀረው ግን ቆሟል። በጣቴ አንዱን ዘንግ ነካ ባደርገው ተንጨጫጨ። ያንን ድምፅ የሰማ የሰሊጥ ሰው ሲቃዥም ይሰማዋል።

«ለተብርሃን፣ ልጄ» አልኋት፣ «መጽሐፉ ተሳስቷል። እኔም ጧት ተሳሳትሁ፣ አውቄ ነው የተሳሳትሁት። ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ።»

ቀይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሰሊጡን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «አቦይ፣ እኔም አንድ ነገር አድርጌአለሁ» አለች። «ስልኩ የተዘራበትን ቀን ሲጠይቀኝ ሐምሌ ዐሥራ አምስት ነው የሞላሁት።»

«ሐምሌ አሥር ነው እኮ የተዘራው!»

«አውቃለሁ። ግን በጳጉሜ ስናርም እርስዎ ቆመው ‹ጳጉሜ አትቆጠርም!› እያሉ ሲጮሁ ነበር። መጽሐፉ ረሳት ብዬ አምስት ቀን ገፋሁላት። እንዳልነግርዎ ስህተት የለውም ብለው ምለዋል።»

ሰናይት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ሦስት ሰው፣ ሦስታችንም በደግ ልብ፣ ሦስታችንም ተደብቀን፣ አንዲት ጳጉሜን አርመናል። ግድ የለሽ ሰው ያጠፋው ነገር አልነበረም። ሦስታችንም ተጠንቅቀን ነው።

«አሁኑኑ እንጨደው!» አለች ለተብርሃን ማጭዷን አንሥታ።

«አይሆንም። ነገ።»

«ነፋሱስ?»

«ነገ አልሁሽ!» የምለው ይህ ብቻ ነበር። ሴቲቱ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጨከንሁ መስሏት ነው። ሰናይት ወደ ዶካ ሄዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውን ደሴንና አምስት አጫጆችን ለነገ ለመነች። ያን ነፋስ ስሰማ እንዴት እንዳደርሁ ማውራት አልፈልግም።

በማግሥቱ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ሁላችንም እርሻው ዳር ቆመናል። ነፋሱ ተኝቷል። ጤዛ ወርዶ ሰሊጡን አርሶታል፤ አንዱን ዘንግ ይዤ ነቀነቅሁት፣ ድምፅ የለም። ፍሬው በጤዛው ረጥቦ አፉን ገጥሟል።

ለተብርሃንም እጇን ልካ ነቀነቀችው። ቆማ አሰበች።

«አቦይ፣ ትናንት ማታ ያልታጨደው ለዚህ ነው? በጤዛ ሲታጨድ ስለማይረግፍ?»

«ታዲያስ። ሰሊጥ በጤዛ ነው የሚታጨድ፤ ይህን ማን…»

«መጽሐፉ አይልም» አለች።

ሰናይት መጽሐፉን ከፍታ ገጽ ገጹን ገለበጠች። ሰባተኛውንም ዘቅዝቃ አየችው። የለም። የትም የለም። በሠላሳ ዓመት ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ሁሉ ሰው የሚያውቀው መስሎኝ።

ደሴ ማጭዱን በእጀታው በኩል አዙሮ ዘረጋልኝ።

ዱላዬን መሬት ላይ ሰካሁት። እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁና ለለተብርሃን ሰጠኋት። «ከእንግዲህ የሚጎድለውን የምትጽፊው አንች ነሽ» አልኋት። ማጭዱን ተቀበልሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አጎነበስሁ፤ ወገቤ ሁሉም ሰው እስኪሰማ ጮኸ።

«ቆይ አቦይ፣ ሳይጀምሩ» አለች ለተብርሃን፣ እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ላይ ባለው መጽሐፍ ላይ አድርጋ። «ከየት ወገን ነው የሚጀመረው?»

«ነፋሱ ከሚመጣበት» አልሁ ቀና ሳልል። «እሱንም ጻፊው።»